ማን አሸከመህ?

ባለፈው ቅዳሜ ከልጄ ከፍሬሕይወት ጋር ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ መንገድ ላይ ተጣላን። ቀላል ጠብ እንዳይመስላችሁ፤ ሰው ቆሞ ያየው ጠብ ነው። ለእህቷ ሠርግ መጋረጃ ልንገዛ ወጥተን፣ ከታክሲ ወርደን ወደ መርካቶ ስናቀና፣ አንድ ወጣት ተሸካሚ ኩንታሉን መሬት ላይ አቁሞ አገኘነው። አንድ እጁን የጆንያው አናት ላይ ጭኖ፣ «አሸክሙኝ! ወንድሞች፣ አሸክሙኝ!» ይላል። ሰዉ ሁሉ ስልኩን እያየ በጎኑ ያልፋል። እኔ እጅጌዬን መሰብሰብ ጀመርኩ።

«አባዬ! ምን ልታደርግ ነው? ወገብህን ረሳኸው? ሐኪሙ ምን አለህ?» ብላ ክንዴን ጨበጠችው።

«ሐኪሙ ይህን ልጅ አላየውም።»

«ተወው፣ ሥራው ነው። ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስ እያስነበብክ ያሳደግከን አንተው ነህ። እያንዳንዱ የራሱን ሸክም ይሸከማል ይል የለም እንዴ?»

ልጄ ይህን ያለችው ለቀልድ ነው። ይህችን ጥቅስ ባትጠራ ኖሮ ምናልባት «እሺ» ብያት አልፍ ነበር፤ ወገቤም እንደሆነ እውነት ነው፣ የለም። ግን ጠራቻት። ይህች ጥቅስ በዚህ ዓይነት ስትጠራ ከሰማሁ አርባ ዓመት አልፎኛል፤ ዛሬም ደሜን ታፈላዋለች።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከሶዶ መጥቼ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ፣ አንድ የተሸካሚዎች ቡድን ውስጥ የገባሁት በጋሽ ወልዴ ነው። ጋሽ ወልዴ የአገሬ ሰው ናቸው፤ ወደ ስልሳ የሚጠጉ፣ ትከሻቸው የሰፋ፣ ሰው ሳያስቁ የማይውሉ። በመጀመሪያው ሳምንት አሸካከም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። «ጉልበትህን እጠፍ እንጂ ወገብህን አትጠፍ፤ ወገብህ ለእርጅና ታስፈልግሃለች» ይሉኝ ነበር። አልሰማኋቸውም፣ ይኸው።

አሥራ ሁለት ነበርን፣ በቁጥር ሐዋርያትን አክለን። በጠባይ ግን አይድረስ። የቀኑን ገቢ እኩል ተካፍለን እንለያያለን። አለቃችንን ካቦ እንለዋለን፤ ካቦ ስዩም። ግዙፍ ነው፣ ድምፁ ከመንገዱ ማዶ ይሰማል፣ ጾም አይሽርም፣ ከሸሚዙ ኪስ ትንሽ አዲስ ኪዳን አይለየውም። ክፉ ሰው ነበር አልልም። መጽሐፉን ግን እንደ ትራፊክ ፊሽካ ነበር የሚጠቀምበት፤ ሰው ማስቆም ሲፈልግ ብቻ ነው የሚያወጣው።

መንገዳችን ጠባብ ስለሆነ የጭነት መኪና አይገባም። ጭነቱን ዳር ላይ አራግፎ ይሄዳል፤ እኛ ከመሬት እያነሳን እስከ መጋዘኑ እንሸከማለን። መሐል ላይ ቦይ አለ፣ በቦዩ ላይ ሳንቃ ተዘርግቷል። በሐምሌ ዝናብ ያ ሳንቃ ሳሙና ነው። አንድ ቀን ጋሽ ወልዴን አዳለጣቸውና ከነኩንታላቸው ወደቁ። ጉልበታቸው ዞረ። ወጌሻ አሻቸው፣ ሦስት ሳምንት ተኙ፣ ሲመለሱ ያነክሳሉ። እጃቸው ያው የድሮው እጅ ነው፤ እግራቸው ግን ኩንታል ይዞ መራመድ እምቢ አለ። ካርቶን ካርቶኑን እየያዙ፣ ሸራ እያጠፉ፣ የወዳደቀ እየጠረጉ ሰነበቱ። ድርሻቸው እንደ ሁላችን ነበር።

ፍልሰታ ገባ። አንድ ሐሙስ ከሰዓት ሥራ ጨርሰን፣ ፉል ቤቱ በረንዳ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ፉሉ ትኩስ ነው፣ ቃሪያና ቀይ ሽንኩርት በላዩ ተከትፎበታል፣ ዳቦው ገና ከምድጃ የወጣ ነው። ካቦ ስዩም ጸሎቱን አድርሶ ሲያበቃ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። እኛም እጃችንን ከዳቦው ሰበሰብን።

«ወንድሞች» አለ፣ «ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፣ ሐዋርያው ነው። ‹እያንዳንዱ የገዛ ራሱን ሸክም ይሸከማል።› የማይሸከም ሰው እንዴት ይካፈላል? ጋሽ ወልዴ፣ ከሰኞ ጀምሮ ይረፉ።»

ይረፉ! ቃሉን አያችሁት? ማባረር ሲያሳፍረው ማሳረፍ አደረገው።

ጋሽ ወልዴ የያዙትን ቁራሽ ዳቦ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጡት። ስድስት ልጆች ነበሯቸው፣ ትንሿ ገና ጡት ትጠባለች። «እንግዲህ ቃሉ ካለ» አሉ። ማንም ትንፍሽ አላለም። እኔስ? እኔም። አንገቴን ደፍቼ በረባሶዬን አየሁ። ከዚህም የከፋ አለ፤ ለአሥራ አንድ ስንካፈል ድርሻዬ ከፍ እንደሚል በልቤ አስቤያለሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ሳረጅ ነው ድፍረቱ የመጣልኝ።

ፉሉን ግን ገፋ አደረግኩት። ያስገቡኝ እሳቸው፣ ያስተማሩኝ እሳቸው፣ ታምሜ ሦስት ቀን ስተኛ አጥሚት ያመጡልኝ እሳቸው። ሰዎቹ ሲበተኑ ወደ ካቦ ሄድኩ።

«ካቦ፣ መጽሐፍህን ታውሰኛለህ?»

ደስ አለው። «ጎበዝ! እንዲህ ነው ወጣት!» አለና፣ «ገላትያ ስድስት፣ ቁጥር አምስት» ብሎ ገጹን አጥፎ ሰጠኝ።

ስድስተኛ ክፍል ደርሻለሁ፣ ማንበቡ አያቅተኝም። እዚያው ሻይ አዝዤ ገለጥኩት። ቁጥር አምስት አለ፤ ሰውዬው አልዋሸም። ዓይኔ ግን ትንሽ ከፍ አለ። ቁጥር ሁለት፦ «ከእናንተ እያንዳንዱ የሌላውን ሸክም ይሸከም።» ወይ ጉድ! ያውም በዚያው ገጽ፣ ከአውራ ጣቴ ሥር! መጀመሪያ በስዩም ተናደድኩ። ቀጥሎ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በሐዋርያው ተናደድኩ። አንዱን ወስን እንጂ! የራሴን ነው የሌላውን? ሻዬ ቀዘቀዘ። መልስ አላገኘሁም።

መልሱን ያገኘሁት በማግስቱ፣ ጨው ስንሸከም ነው። ጨው የተሸከመ ያውቃል፤ ዝናብና ላብ ሲነካው በጆንያው ሾልኮ አንገት ላይ ይወርዳል፣ የተላጠ ቦታ ካገኘ ይለበልባል። አንድ ኩንታል መቶ ኪሎ ነው። ሸምሱ፣ ከወራቤ የመጣ ጓደኛችን፣ በግራ ያዘ። ጋሽ ወልዴ በቀኝ ያዙ፤ እስከ ሰኞ ጊዜ ነበራቸውና መጥተው ነበር። «አንድ፣ ሁለት፣ ሆ!» አሉና ትከሻዬ ላይ አወጡት። ሄድኩ። ሳንቃው ላይ ስደርስ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

ይህን ኩንታል የምሸከመው እኔ ነኝ። ከዚህ እስከ መጋዘን ማንም አይሸከምልኝም፤ ቁጥር አምስት ይኸው። ግን ትከሻዬ ላይ ማን አወጣው? ብቻዬን ከመሬት አንስቼው አላውቅም። ካቦም አንስቶ አያውቅም። በዚያ መንገድ ላይ ያለ አንድም ሰው አንስቶ አያውቅም። በቀን ሠላሳ ጊዜ «አሸክሙኝ» እያልን፣ ሠላሳ ጊዜ እያሸከምን፣ እንደ ሥራ ስለማንቆጥረው አይተነው አናውቅም። ከኋላዬ «ምን ይገትርሃል፣ እለፍ!» ብለው ጮኹ። ሳቄ መጣ። ሐዋርያው አንድ ቀን ተሸካሚዎች መሐል ቆሞ ያየ መሰለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ የጭነቱ ሸራ ሲገለጥ፣ ሁሉም ባሉበት ተናገርኩ። በእኛ ቡድን የመጀመሪያውን ኩንታል የሚያነሳው ካቦ ነው። ጎንበስ ብሎ ሰዎቹን ሲጠብቅ መሐል ገባሁ።

«ቆይ ካቦ። ቃሉን እኔም አነበብኩት፣ ተቀበልኩት። እያንዳንዱ የራሱን። እንግዲህ ዛሬ ማንም ማንንም አያሸክምም። አንሳ።»

«ምን?»

«ብቻህን አንሳ። እኛም በየተራችን ብቻችንን እናነሳለን። ጋሽ ወልዴ በየቀኑ ሲያሸክሙህ ሥራ አይደለም ካልክ፣ ያለ እሳቸው አንስተህ አሳየን።»

«ይህን ልጅ ያስገቡት ሰውዬ ናቸው እንዲህ ያስደፈሩት!» ብሎ ካቦ ጮኸ። ሸምሱ ግን የያዘውን የጆንያ ጆሮ ለቀቀና እጁን አጣጠፈ። «እኔ መጽሐፋችሁን አላውቅም» አለ፣ «ግን እኔንስ ማን ሊያሸክመኝ ነው?» ሌሎቹም አንድ በአንድ ወደ ኋላ አሉ።

ካቦ ስዩም ኩሩ ነበር። ጎንበስ አለና ኩንታሉን አቀፈው። አንዴ ሞከረ፣ ወደቀበት። ሁለተኛ ሞከረ። በሦስተኛው፣ እንዴት እንደሆነ እግዜር ይወቅ፣ ጭኑ ላይ አደረሰው። ከዚያ ወዲያ ወደ ላይም አልሄደ፣ ወደ ታችም አልመለሰው። የአንገቱ ሥር ተገተረ፣ ፊቱ ጠቆረ። እኔ? ደስ ብሎኝ ነበር። ይውደቅ፣ ጭቃ ላይ ይቀመጥ፣ ይየው እያልኩ ነበር።

ጋሽ ወልዴ እያነከሱ መጡ።

«ይተዉት ጋሼ!» አልኩ።

«ዝም በል አንተ! ሰው ሸክም ይዞ ቆሞ እያየሁ ልተወው?» አሉና ከሥር ገብተው ያዙ። ሸምሱም ደርሶ በሌላው ወገን ያዘ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሆ!» ኩንታሉ ካቦ ትከሻ ላይ ወጣ። ስዩም ወደ መጋዘኑ ሄደ። እኔ ቆሽቴ አረረ። «ዞር ብሎ እንኳ አላመሰገነዎትም!» አልኳቸው።

እጃቸውን አራገፉ። «ኩንታል ያለበት ሰው አንገቱ ይዞራል እንዴ? አንተስ መቼ ዞረህ ታውቃለህ?»

በመጽሐፍ ሰውን ማዋረድ ከስዩም ብቻ የመጣ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እኔም በሁለት ቀን ተምሬዋለሁ።

ካቦ ከመጋዘን ሲመለስ ማንንም አላየም። ይቅርታም አልጠየቀም። የተቆለለው ኩንታል አጠገብ አንድ ቦታ በእግሩ አሳየና፣ «ጋሽ ወልዴ፣ እዚህ ይቁሙ፤ የሚያሸክሙት እርስዎ ነዎት» አለ። ሰኞም እዚያው ቆሙ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ቆሙ፣ ከነሙሉ ድርሻቸው፣ አገር ቤት እስኪገቡ ድረስ። እኔን ካቦ አንድ ወር አኮረፈኝ፤ የተናገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «መጽሐፌን መልስ።» መለስኩና የራሴን ገዛሁ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ለፍሬሕይወት መንገድ ላይ ቆሜ አልነገርኳትም። «የጥቅሱን አንገት አትቁረጪ፣ ከላይ ጀምረሽ አንብቢው» ብቻ አልኳት፣ ክንዴን አስለቀቅኩና ጎንበስ አልኩ። በዚህ ዕድሜዬም ቢሆን ማንም፣ ሐኪምም ይሁን ልጅ፣ ቁጥር አምስትን ብቻ ቆርጦ እንዲሰጠኝ አልፈቅድም። ጉልበቴን አጠፍኩ፤ ወገቤ ግን ለጋሽ ወልዴ ትምህርት አርባ ዓመት ዘግይቶ ነበርና ጮኸ። የጆንያውን ጆሮ እንደያዝኩ ቀረሁ።

«ወይኔ! ምን ዓይነት ግትር ሰው ነው!» አለች ልጄ። ቦርሳዋን አንገቷ ላይ አጠለቀች፣ በዚያ ንጹሕ ቀሚሷ ጎንበስ አለችና ሌላውን ጆሮ ያዘች። «እንዴት ነው የሚደረገው?»

«አንድ፣ ሁለት በይ።»

ልጁ ትከሻውን ከሥር አስገባ። ከፍ አደረግነው። ቦታውን አስተካከለና በሰዉ መሐል ወደ መርካቶ ሄደ።

«አመሰግናለሁ እንኳ አላለም» አለች፣ ጭቃውን ከቀሚሷ እያራገፈች።