እሜቴ ለምን እንዳልበላች

ይህን ነገር እስካለፈው እሁድ ድረስ ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ስንቱን ኃጢአቴን ዘርዝሬ እዚህ ላይ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰር ነበር። «አባቴ፣ ሸረሪት እየቀለብኩ ልጄን በደልኩ» የሚል ሰው ምን ይባላል? ለእናንተ ግን ልናዘዝ፤ እናንተ ቢያንስ ፊቴን አታዩትም።

አዲሱ ገበያ ላይ ዕድሜዬን ሙሉ ጎሚስታ ሆኜ ጎማ ስጠግን ኖሬ፣ ወገቤ እምቢ ሲለኝ ቤት ዋልኩ። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ የቀረው ለእኔና ለልጄ ለያሬድ ነበር። ያሬድ ግንበኛ ነው። ያኔ ገና አላገባም። አንድ ቀን ሸጎሌ ሰፈር የቤት መሠረት ሲቆፍሩ ከድንጋይ ሥር መዳፍ የምታህል ጠጉራም ሸረሪት ወጣች። ሌሎቹ በአካፋ ሊጨፈልቋት ሲሉ እሱ በምሳ ዕቃው ይዟት መጣ። ታራንቱላ እንደምትባል ከስልኩ አነበበልኝ። አሮጌ የመስታወት ሣጥን ውስጥ አፈር አድርጎ አስቀመጣትና «እሜቴ» ብሎ ስም አወጣላት። እኔ ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩ። «ወይ እሷ ወይ እኔ!» አልኩ። ዳግመኛ ዓይኔን ወደ ሣጥኑ እንደማላዞርም በእናቱ ስም ማልኩ።

መሐላው ሳምንት አልቆየም። ያሬድ ሥራ ሲሄድ እቤት የምንውለው እኔና እሷ ነን። ምሳዬን አቅርቤ ስቀመጥ ፊት ለፊቴ ናት። ቤቴ የገባ ፍጡር ጦሙን እየዋለ እኔ ብቻዬን ልጉረስ? አላስቻለኝም። ከማድቤት አንድ በረሮ ይዤ ጣልኩላት። አቤት አያያዟ! ምንም እንዳላየች ዝም ብላ ትቆይና ድንገት እመር ትልበታለች። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ደገምኩላት። በማግስቱም አበላኋት፤ ከዚያ ወዲያም በየቀኑ አበላኋት። እኔ ነኝ ያበላኋት።

አመሻሽ ላይ ያሬድ ከሣር ውስጥ የለቀመውን ፌንጣ ይዞላት ይመጣል። እሷ ዞር ብላም አታየው። የጠገበ ምን ያያል?

«አባዬ፣ ዛሬም እምቢ አለች። ምን ሆና ይመስልሃል?»

«እኔ ምን አውቄ! ጾም ይዛ ይሆናል» አልኩት።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ሳቅኩም። እሱ ግን አልሳቀም። ፌንጣ ቀየረላት፣ አፈር ቀየረላት፣ በኋላ እራሱም እራቱን እየተወ ሣጥኑ ሥር መቀመጥ ጀመረ። «እኔ አብልቻታለሁ» ብል እዚያው ያልቅ ነበር። ለምን አላልኩም? መሐላዬን በማፍረሴ ፈርቼ ነው? ኧረ ወዲያ! ያን ሁሉ ጮኼ ስሸነፍ ልጄ እንዳያየኝ ነው። ኩራት ነው፣ በቃ።

ወር ሲሞላ «እጄ ላይ ከምትሞት ወደ ዱሯ ትመለስ» ብሎ ከሸጎሌ በላይ ካለው ተራራ ላይ ወስዶ ለቀቃት። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። እኔም ተደብቄ አለቀስኩ። ያኔም አልተናገርኩም።

ባለፈው እሁድ ያሬድ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ። ሚስቱ ለልጃችን ቡችላ እናምጣላት ስትለው፣ «ተዪው፣ የኔ እጅ ለእንስሳ አይሆንም። አንዷን በረሃብ ገድያለሁ» አላት። ዱር ከለቀቃት በኋላ ሳትበላ የሞተች መስሎት፣ ይህን ሁሉ ዓመት እንደ ገደላት ያስብ ኖሯል! የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ ትሪው ላይ አኖርኩት።

«በረሃብ አልሞተችም» አልኩት። «ከዚህ ቤት ስትወጣ ሆዷ ሊፈነዳ ነበር። ቀን ቀን እኔ ነበርኩ የማበላት።»

አፈጠጠብኝ። ከዚያ ሳቀ፤ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔም ከደረቴ ላይ የከባድ መኪና ጎማ የተነሣልኝ ያህል ቀለለኝ። ቡችላዋም ቅዳሜ ትመጣለች ተባለ።

ሳቁ በረድ ሲልለት ግን «አባዬ» አለኝ፣ «ስትበላ እንዴት ነበረች? እኔ አንድ ቀን እንኳ አላየኋትም።»

ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። መዋሸቴን እንጂ ሌላ በደል ያለብኝ አልመሰለኝም። ያን ወር ሙሉ እሱ ለማየት የጓጓውን በየቀኑ ሳይ የዋልኩት እኔ ነኝ፣ እኔ ብቻ። ቀልሎኛል፣ አልዋሽም፤ የማቀርበው ምክንያት ግን የለኝም። ልጄ፣ ይቅር በለኝ።