ዱዳ የተባሉት ጀርመኖችና እኔ

ጽሑፌ ተመረጠ። የሰፈራችን ላይብረሪ የወጣቶችን ጽሑፍ ሰብስቦ በሚያሳትመው መጽሐፍ ውስጥ ይገባል፤ ኢሜይሉን አራት ጊዜ አነበብኩት። ዜናው የደረሰኝ አፓርታማችን ምድር ቤት ልብስ ሳጥብ ነው። ማድረቂያውን ስከፍት የሞቀ አንሶላ ሽታ ፊቴን መታኝ፤ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ የሆነው ሁሉ መጣብኝ።

ከአገር ቤት መጥተን ሬኒየር ቫሊ የሚባለው ሰፈር ከገባን አምስት ወራችን ነበር። ክፍል ውስጥ አንድ ቃል ተናግሬ አላውቅም። የታሪክ አስተማሪዬ ጠራችኝና፣ "ዓርብ ክፍሉ ፊት ቆመሽ ፕሬዘንት ካላደረግሽ ትምህርቱን ትደግሚያለሽ" አለችኝ። እዚሁ የተወለደ ያገሬ ልጅ ከኋላዬ በአማርኛ፣ "ዱዳዋ? ሶ፣ በእጇ ልታወራ ነው?" አለ። የገባው ለእኔ ብቻ ነበር።

ከትምህርት ስመለስ እዚሁ ምድር ቤት ተቀምጬ አለቀስኩ። ላይኛው ፎቅ የሚኖሩት ዩክሬናዊት እማማ አንሶላቸውን ሊያወጡ ወረዱ። እንግሊዝኛቸው ከኔ ብዙም አይሻልም። የሆነውን ስነግራቸው ሳቁ።

"እኛ ስላቮች ጀርመኖችን ኒምትሲ ነው የምንላቸው፤ ዱዳዎች እንደማለት። ድሮ ጎረቤት ናቸው፣ ያወራሉ፣ አይገባንም። በቃ፣ ዱዳ አልናቸው። ያን ሁሉ መጽሐፍ የሚጽፉትን ሰዎች። ነይ አሁን፣ ይቺን ጫፍ ያዢልኝ።"

አንሶላውን አብረን አጠፍን። ርዕሴን አገኘሁ።

ዓርብ ተጠርቼ ቆምኩ። የፕሮጀክተሩ ብርሃን ዓይኔን ወጋኝ፤ የግድግዳው ሰዓት ጆሮዬ ውስጥ ያለ ይመስል ይቆጥራል። ያጠናሁት እንግሊዝኛ ድራሹ ጠፋ። አስተማሪዋ እስክሪብቶዋን አነሳች። አፌን ስከፍት የወጣው አማርኛ ነበር። ማቆም አልቻልኩም፤ ስላቮቹን፣ ጀርመኖቹን፣ ሁሉንም በአማርኛ ተናገርኩ። ማንም አልሳቀም፤ ይህ ደግሞ ባሰብኝ። ከዚያ ቀስ ብዬ በእንግሊዝኛ፣ "አሁን ለእናንተ ዱዳ ነበርኩ። ስላቮች ለጀርመኖች ያወጡት ስምም የመጣው እንዲህ ነው" አልኩና የቀረውን በእንግሊዝኛ ጨረስኩ።

"ይህ የተረጋገጠ ነው?" አለች አስተማሪዋ።

"አንዳንዶች ከአንድ ጥንታዊ ጎሳ ስም ነው ይላሉ። ብዙዎቹ ግን ዱዳ ከሚለው ነው የሚሉት።"

ጻፈች። ትምህርቱን አለፍኩ።

ስንወጣ ያ ልጅ ተጠጋኝ። "ኦኬ፣ አማርኛሽ ግን ይፈጥናል፤ ግማሹ አልገባኝም" አለኝ።

እማማ በዚያው ዓመት ሌላ ከተማ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ስልክ ቁጥራቸውን እንኳ አልተቀበልኳቸውም።

ቅዳሜ ከሰዓት ላይብረሪው ውስጥ ስለዚያ ዓርብ የጻፍኩትን፣ እንደዚያ ዕለት መጀመሪያ በአማርኛ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ አነባለሁ። የፈለግሽውን ሰው ጋብዢ ብለውኛል፤ ኑ። እንግሊዝኛ የማይገባቸው እናትና አያት ካሏችሁም ይዛችኋቸው ኑ፤ የፊተኛው ረድፍ የእነሱ ነው።