ካብ ውስጥ የቀረው ቱንቢ

ባለፈው ጥቅምት አንድ አስጎብኚ ወጣት ተማሪዎች አስከትሎ ወይራ አምባ ወጣ። እኔ እንደ ልማዴ ከበሩ አጠገብ ካለችው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ፀሐይ እሞቃለሁ። ፀሐይ መሞቅ እላለሁ እንጂ እውነቱን ለመናገር መጪና ሂያጁን ለማየት ነው፤ ሲያረጁ ወሬ ማነፍነፍ ፀሐይ መሞቅ ይባላል። ልጁ አምባውን የከበበውን የድንጋይ ካብ ዙሪያውን እያሳየ፣ ይህ በቅርቡ የተጠገነ ነው፣ ያኛው ተበላሽቷል እያለ መጥቶ መጥቶ እኔ ፊት ለፊት ካለው ላይ ሲደርስ ቆመ። እጁን ድንጋዩ ላይ አሳረፈና፣ «ይሄ ግን የመካከለኛው ዘመን ሥራ እንዳለ ነው። ማንም አልነካውም። ሲሚንቶ የለ፣ ብረት የለ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ» አለ።

እኔን ሳል ያዘኝ። አንዲት ተማሪ የፕላስቲክ ውሃዋን አቀበለችኝና «አባት፣ እውነት ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ውሃውን ቀስ ብዬ ጠጣሁ። የመለስኩላትን ኋላ እነግራችኋለሁ፤ በፊት ግን ነገሩን ከሥሩ ስሙት።

ወይራ አምባ ከሰቆጣ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ለወጣት ማለቴ ነው፤ በእኔ እግር አንድ ቀን ከነማደሪያው። የድሮ ሰዎች ከተማ ሲሉ አስፋልትና መብራት ማለታቸው አልነበረም፤ መኳንንቱ ሠራዊታቸውን ይዘው የሚሰፍሩበትን ከፍታ ማለታቸው ነው። አምባችንም በዘመኑ ከተማ ነበር። ካቡን ማን እንዳሠራው አንዱ የዛጉዌ ነገሥታት ናቸው ይላል፣ ሌላው ከእነሱ ወዲህ የመጡ የዋግ ሹሞች ናቸው ይላል። አባቴን ስጠይቀው ግን «ድንጋዩን የተሸከመው የእኛ ሰው ነው፤ ያዘዘውን ያዘዘው ይወቅ» ነበር የሚለኝ።

በሩ ዛሬም እንደጥንቱ ነው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። እንደገባህ ያጥፍህና ካቡን በቀኝህ አድርገህ አንድ ሃያ እርምጃ ያስኬድሃል። ጋሻ የሚያዘው በግራ እጅ ነውና ጠላት በዚያ ሲያልፍ ቀኝ ጎኑ ባዶውን ከላይ ለቆሙት ይጋለጣል። ይህን ያሰበ ሰው ፊደል መቁጠሩን እጠራጠራለሁ፤ ሰውን ግን ያውቅ ነበር።

ካቡ ለአራት መንደር ድርሻ ድርሻ ሆኖ የተከፈለ ነው። የእኛ መንደር ድርሻ ከበሩ በስተምሥራቅ ያለው ነው፤ የድርሻው ጠባቂ ደግሞ አባቴ፣ ከእሱ በፊት አባቱ። ሕጉም አንድ ነው፦ ካብህ ከወደቀ ካቡ አንተ ነህ። በጦርነት ጊዜ ድርሻው የፈረሰበት መንደር ጋሻውን ይዞ ክፍተቱ ላይ ይቆም ነበር አሉ። ጦርነቱ ቀርቶ ሕጉ ቀረ። በእኛም ዘመን ካብ ከወደቀ ከዚያ መንደር አንድ ሰው ከማለዳ እስከ ማታ ክፍተቱ ላይ ተቀምጦ፣ ፍየሉንም ዝንጀሮውንም እየመለሰ፣ አላፊ አግዳሚው የሚለውን እየሰማ ይውላል። ፍየሉ ይቻላል፤ ከባዱ አላፊ አግዳሚው ነው።

እንግዲህ ደርግ በወደቀ በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ዓመት፣ ሠላሳ ሳይሞላኝ፣ መቀሌ ሁለት ዓመት የግንብ ሥራ ሠርቼ ወደ አገሬ ተመለስኩ። ስመጣ የያዝኩት ስድስት ከረጢት ሲሚንቶ፣ አንድ ጥቁር መነጽርና አንድ ቱንቢ ነው። ቱንቢ ግንበኛ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን የሚያይበት፣ በክር የሚንጠለጠል የሾለ ብረት ነው። እኔ ግን ለሥራ ብቻ አልነበረም የያዝኩት። ከቀበቶዬ አንጠልጥዬው ቤተ ክርስቲያን እስምበት ነበር። ሌላው መስቀል ያንጠለጥላል፣ እኔ ቱንቢ።

በሚያዝያ አባቴ የእህቴ ባል ቤት ሲሠራ ሊያግዝ ጽጽቃ ሄደ። እኔ ካቡን እየዞርኩ አየሁት። ቱንቢዬን ብጥልበት ጉድ ነው፤ ጠቅላላ ወደ አምባው ውስጥ ያዘነበለ። ለካ አባቶቻችን ቀጥ ያለ ነገር ሳያዩ ነው የሞቱት ብዬ አዘንኩላቸው። አባቴ ሲመለስ ላስደስተው ብዬ ድርሻችንን ከወገቡ በላይ አፈረስኩና በቱንቢ ልክ፣ በሲሚንቶ፣ ቀጥ አድርጌ ገነባሁት። ፊቱ ያስቀናል። ከላይኛው መንደር ሳይቀር ሰው እየመጣ አየው። እኔም መነጽሬን አድርጌ አጠገቡ ቆምኩ።

አባቴ በግንቦት መጨረሻ ተመለሰ። ዱላውን ጣለና ጉንጩን ግንቡ ላይ አስጠግቶ እስከ ጥግ ድረስ በአንድ ዓይኑ አየ። ከዚያም፣ «አምሯል። ውሃውን በየት ልታሳልፈው ነው?» አለኝ።

«ውሃ እዚህ ምን ሥራ አለው?» አልኩት።

ዱላውን አንስቶ ወደ ቤት ገባ።

ሐምሌ ላይ ውሃው ሥራ አገኘ። ሦስት ቀን ያለማቋረጥ ዘነበ። ካቡ አንድ ፊቱ ብቻ ነው ከሜዳ የሚታየው፤ ከጀርባው የአምባውን አፈር ተሸክሟል። የዱሮው ካብ በድንጋዮቹ መካከል ውሃውን እያንጠባጠበ ያወጣው ነበር፤ ወደ ውስጥ ማዘንበሉም አፈሩን በትከሻው ለመግፋት ነበር። የእኔ ግንብ ግን አፉን በሲሚንቶ ዘግቶ፣ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። ልክ እንደ እኔ። በአራተኛው ቀን ጠዋት እንደ እርጉዝ ላም ሆዱ ተነፋ። ቁርስ ሰዓት ላይ ወደቀ። ርዝመቱ አንድ አሥራ አምስት ክንድ ይሆናል፤ የእኔን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያልነካሁትን የአባቶችን ሥራ ጭምር ይዞት ወረደ።

ሮጬ ስደርስ አባቴ ቀድሞኛል። በርኖሱን ደርቦ፣ ከፍርስራሹ መካከል አንድ ረጅም ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ዝናቡ በጢሙ ላይ ይወርዳል። ተነስ፣ እኔ ልቀመጥ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩት። በመጀመሪያ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣና የተናገረኝን አማርኛ አይችለውም። ቀጥሎ ግን በአማርኛ፣ በዝግታ፣ «አንተ ገና ካብ አይደለህም» አለኝ።

እስከ ዛሬ ብዙ ተሰድቤያለሁ፤ በአብዛኛውም ይገባኛል። ያቺ ግን አጥንት ውስጥ ገባች።

በነሐሴ የአራቱ መንደር ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። አባቴን ይወዱት ነበርና ነገሩን በለሰለሰ አንደበት አመጡት፤ ቢሆንም ያው ነው። እስከ ኅዳር ጽዮን ዋዜማ ካቡ ካልቆመ ድርሻው ለላይኛው መንደር ይሰጣል ተባለ። ይህ ማለት የአባቴ ስም ከካቡ ይነሳል ማለት ነው። አባቴ ራሱን ዝቅ አድርጎ «እሺ» አለ። እኔም ከኋላ ሆኜ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ «ይቆማል» አልኩ። ሳቁ። የሳቁትን ሁሉ አንድ በአንድ አስታውሳለሁ፤ ሦስቱን በኋላ በሠርጌ ላይ አብልቻቸዋለሁ።

ደቦ እንዳልጠራ መኸሩ ደርሷል፤ ሁሉም ገብሱንና ማሽላውን ሊያነሳ ነው። ስለዚህ ብቻዬን ጀመርኩ። መጀመሪያ አባቴ ሲሚንቶ የነካው ድንጋይ ካብ ውስጥ አይገባም አለ። መስከረምን ሙሉ ሲሚንቶዬን ከድንጋይ ላይ ስፈለፍል ከረምኩ። ሲሚንቶ እንዲህ የሚጠነክር መሆኑን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው፤ ግንቡ ላይ በነበረ ጊዜ የት ነበር? መዳፌ ተላጠ፣ ጥፍሬ ጠቆረ። በሶ በጨው ውሃ እየበጠበጥኩ እጠጣለሁ፣ የሽምብራ ቆሎ እቆረጥማለሁ፣ ተመልሼ እፈለፍላለሁ።

የላይኛው መንደር ልጅ ዝናሽ በየማለዳው ውሃ ቀድታ በዚያ ታልፋለች። ክፍተቱ ዘንድ ስትደርስ ጀሪካኗን ታስተካክልና ለአባቴ «እንዴት አደሩ?» ትለዋለች፤ እኔን ግን አታየኝም። አንድ ቀን አየችኝ።

«እኔ የምልህ» አለች፣ «ይሄ ሁሉ ድንጋይ ሲወድቅ ቱንቢህ ምን አለ?»

አባቴ ዝናቡ ውስጥ ከተቀመጠ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። እኔ ግን ቱንቢዬን ከቀበቶዬ ፈትቼ ኪሴ ከተትኩት።

ጥቅምት ሲገባ መካብ ጀመርኩ። አባቴ ከተቀመጠባት ድንጋይ ሳይነሳ ያስተምረኛል። የድንጋይ ውበቱ ወደ ሰው፣ ርዝመቱ ወደ ውስጥ ነው። አንዱ በሁለቱ ላይ ይረፍ፣ ሁለቱም በአንዱ ላይ። በየክንዱ አንድ ረጅም ማሰሪያ ድንጋይ አስገባ፤ የካቡን ፊት ከኋላው ጋር ይዞ የሚያቆም እሱ ነው። የመሃሉን ጠጠር በአካፋ አትድፋው፣ በእጅህ አንድ በአንድ አስቀምጠው፤ የሰው ዓይን የማያየውን ዝናብ ያየዋል። ከፍ ባልክ ቁጥር ወደ ውስጥ ዘንበል በል። ይህንን ሁሉ ሰምቼ የመጀመሪያውን አምስት ክንድ አቆምኩ። አባቴ በዱላው ነካ ነካ አደረገና «አፍርሰው» አለኝ። አፈረስኩት። ሁለተኛውንም አስፈረሰኝ። በሦስተኛው ዝም አለ፤ የአባቴ ዝምታ ምርቃት ነው።

ከዚያ በኋላ እጄ ራሱ ድንጋይ ይመርጥ ጀመር። ጎህ ሲቀድ እጀምራለሁ፣ ዓይን ድንጋይና ሰው መለየት ሲያቅተው አቆማለሁ። ካቡ ከሁለቱም ጫፍ እያደገ መጣ፣ ክፍተቱ ጠበበ፤ አባቴም ድንጋዩን እየጎተተ ወደ መሃል ተጠጋ። በኅዳር ክፍተቱ አሥር ክንድ ነበር፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ሁለት። በመጨረሻ በግራም በቀኝም ካብ፣ በመካከሉ አንድ ሽማግሌ፣ ትከሻው ከሁለቱም ወገን ድንጋይ የነካ። ከሩቅ ላየው እሱም ከካቡ ጋር የተካበ ይመስላል።

ዋዜማው ከሰዓት በኋላ አባቴ ተነሳ። የተቀመጠባትን ድንጋይ በእጁ ጠረግ ጠረግ አደረጋት። «ይቺ ማሰሪያ ነበረች፤ ከላይ ትግባ» አለኝ። መካከሉን ሞልቼ እሷን ተሸክሜ አወጣሁና ከአናቱ አጋደምኳት። ነቀነቅኳት። ኳ አለች።

ፈተናው ደግሞ ይኸው ነው። ካቢው በባዶ እግሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ በካቡ አናት ላይ ይሄዳል፤ ከእግሩ ሥር አንድ ድንጋይ ኳ ካለ ካቡ አልቆመም። ሽማግሌዎቹ ከበሩ በኩል ሲመጡ ይታዩኛል። ሽብልቅ የሚሆን ጠጠር ፈለግሁ፤ አንዱ ይወፍራል፣ አንዱ ይሰበራል። ላቤ ዓይኔ ገባ። አባቴ እጁን ኪሴ ከተተና ቱንቢዬን አወጣ። ክሩን በጥርሱ በጠሰ። የሾለውን ጫፍ ከድንጋዩ ሥር ሰክቶ በሌላ ድንጋይ ሁለት ጊዜ መታው። ልክ ገባ። እጁን አራገፈና፣ «አሁን ሥራ አገኘ» አለ።

ጫማዬን አውልቄ ወጣሁ። አሥራ አምስት ክንድ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። ከታች አራት መንደር ትንፋሹን ይዞ ያዳምጣል። ከዝናሽ ጋር ዓይን ለዓይን እንዳልጋጭ እግሬን ብቻ አያለሁ። ያቺን ድንጋይ ረገጥኳት። ዝም አለች። ጫፉ ላይ ስደርስ ከሽማግሌዎቹ ትልቁ «ቆሟል» አለ፤ ሌላ ምንም አልጨመረም። አባቴ በርኖሱን ትከሻው ላይ ጣለና ከሐምሌ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በክፍተቱ መግባት ቀርቶ፣ በበሩ ዞሮ ወደ አምባው ገባ። ስወርድ አጠገቤ ቆሞ ካቡን እንጂ እኔን ሳያይ፣ «ዛሬ ልቀመጥ ብትለኝ ተቀመጥ እልህ ነበር» አለኝ። ክፍተት ግን አልነበረም።

አባቴ ካረፈ ብዙ ዘመን ሆነው። ድርሻውን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ዝናሽ ዛሬ ሚስቴ ናት፤ አሁንም ምሰሶ ሳቆም ባየችኝ ቁጥር ቱንቢህን ጠይቀው ትለኛለች፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልሰለቻትም።

ለተማሪዋ የመለስኩላት፣ «ድንጋዩስ ከእኔም ከአስጎብኚሽም ይበልጣል ልጄ» ነበር። ይህ ውሸት አይደለም። ድንጋዩ ያው የጥንቱ ነው፣ አካካቡም ያው የጥንቱ ነው፤ እጁ ብቻ ነው የእኔ የሆነው። አስጎብኚው ተደስቶ ጨበጠኝ። እኔ ግን ማታ ስተኛ ብረት የለበትም ያለው ነገር ከነከነኝ። አንድ ቀን ምሁራን ቆፍረው መቀሌ የተገዛ ቱንቢ ቢያገኙ፣ የመካከለኛው ዘመን ሰው ምን ያህል እንደሠለጠነ መጽሐፍ ሊጽፉ ነው። ስለዚህ ጻፍኩት።

በየዓመቱ ዝናቡ ሲያባራ ጫማዬን አውልቄ ካቡ ላይ እወጣለሁ፤ ጉልበቴ ይቃወማል፣ ዝናሽም ትጮሃለች፣ እኔ እወጣለሁ። እስከዚያች ድንጋይ እሄድና እረግጣታለሁ፣ ጆሮዬን ቀስሬ አዳምጣለሁ። ዘንድሮም ዝም አለች። ቱንቢው አፉን ይዞ ይኸው ሠላሳ ዓመት ቆየ፤ አፌን መያዝ ያቃተኝ እኔ ነኝ።