ዓይኑን ጨፍኖ የሚጫወተው ሩፊኖ

ሩፊኖ ባራካስ ሰፈር፣ ትራም መዞሪያው ጥግ ባለችው ቡና ቤት፣ እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ባንዶኔዮን መጫወት ከጀመረ ሠላሳ ዓመት ሞላው። ያን ሳጥን መሳይ አኮርዲዮን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ እጆቹን በቆዳ መያዣው ውስጥ ሰክቶ፣ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ ወዲያ ሩፊኖ የት እንደሚሄድ እግዜር ይወቅ።

በዕድሜው የደረሰው አንድ የታንጎ ዜማ ብቻ ነው፤ እሱም ስለዚህችው ቡና ቤት። ጉም የያዘውን መስኮቷን፣ የመጠጧን ሽታ፣ የዶሚኖዋን ኳኳታ ሁሉ ከቶበታል። ዜማውን በእሁድ አንዴ ብቻ፣ መጨረሻ ላይ ይጫወተዋል። ደንቡን ያወጣው ራሱ ነው፤ ግትር ነዋ!

ሰፈሩ ሁሉ ሲጨፍርበት እሱ አንድም ቀን አልጨፈረበትም። ተጫዋች እንዴት ይጨፍራል? ግን ዓይኑን ጨፍኖም ቢሆን የአንዲት ሴት ኮቴ ለይቶ ያውቃል፤ የልብስ ሰፊዋን የዴልሚራን። ባሏ በወጣትነቷ ነው የሞተባት። እሷ እግሯን ስታሳርፍ የወለሉ ሳንቃ ራሱ ደስ የሚለው ይመስለዋል። ይወዳታል። ይህንኑ ሳይነግራት ፀጉሩ ሸበተ። አይ ወንድነት!

ዛሬ ለዴልሚራ የመጨረሻዋ እሁድ ናት። ልጇ በመኪና መጥታ ሩቅ ከተማ፣ ወደ ሮሳሪዮ ልትወስዳት ነው። ሩፊኖም ቫዮሊን ተጫዋቹን አንሰልሞን፣ "የኔን ታንጎ ዛሬ ብቻህን ተጫወተው፤ እኔ እጨፍራለሁ" አለው።

"አንተ? ከዚያ ወንበር መነሳት ትችላለህ እንዴ?" ብሎ ሳቀበት።

እዚያ ሰፈር ሴት በቃል አትጠየቅም። ወንዱ ከሩቅ ዓይን ለዓይን ይገጥማትና ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል፤ ከፈቀደች ትነሳለች። የተነሳችን ሴት "ተሳስቼ ነው" ብሎ መመለስ ግን ነውር ነው። ሩፊኖ ታዲያ ጎረምሳ ለመምሰል መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከተተ። ቤቱ በሙሉ በሕልም እንዳለ ነገር ደበዘዘበት። ዴልሚራ ጥቁር ለብሳ ወደምትቀመጥበት መስኮት፣ ወደ ጥቁሩ ቀሚስ ራሱን ነቀነቀ።

ባለ ጥቁር ቀሚሷ ተነሳች። ስትቀርብ ዳቦ ሻጯ ኦርቴንሲያ ሆና አረፈች!

"እሰይ ዶን ሩፊኖ! ሟቹ ባሌ ቢያይህ በቅናት ከመቃብር ይነሳ ነበር!" ብላ እቅፍ አደረገችው።

ምን ያድርግ? ሠላሳ ዓመት የጠበቀውን ጭፈራ እግሩን እየተረገጠ ጨረሰው። እንባው መጣ።

መነጽሩን አድርጎ ሲዞር ዴልሚራ ባንዶኔዮኑ አጠገብ ቆማለች። "ልሰናበትህ ብመጣ ወንበርህ ባዶ ነው" አለችው።

"አንቺን ነበር እኮ የጠየቅኩት... መነጽሬን አውልቄ..."

"አየሁህ። አንተ ደግሞ ዓይንህን ጨፍነህም ገልጠህም አይታይህም! ስንት እሁድ ከዚያ መስኮት ራሴን ነቀነቅኩልህ? ሴት ሆኜ፣ ቀድሜ! በል አሁን ታንጎህን ድገመው። ዓይንህን ገልጠህ!"

"ደንቡስ?" አለ አንሰልሞ።

"ደንቡ ገደል ይግባ!" አለ ሩፊኖ።

ተጫወተ። ዴልሚራ መስኮቷ ጋ ተመልሳ ተቀመጠች፤ የማታ ፀሐይ በጉሙ መስታወት አልፎ ትከሻዋ ላይ አረፈ። ከዚያ ራሷን ነቅነቅ አደረገች። ሩፊኖ እጆቹን ከቆዳ መያዣው አውጥቶ ተነሳ፤ ቫዮሊኑ ብቻውን ቀጠለ። ያ በጆሮው የሚያውቀው ኮቴ ከኮቴው ጎን ሆነ።

ውጭ የመኪና ጥሩምባ ጮኸ።

"ልጅሽ ናት" አላት በጆሮዋ።

"ታስጩኸዋ! እኔስ ሠላሳ ዓመት ጠብቄ የለ?"