ቁጥር የማይጠራበት አውድማ

ጀውሃ ላይ ስለ ታናሽ እህቴ ስለ አሪፋ ብትጠይቁ ግማሹ ሰው «ትያትር ነው የተማረችው» ይላችኋል፤ ግማሹ ደግሞ «ኢኮኖሚክስ ነው» ይላል። ሁለቱም ጎዶሎ ነው። አሪፋ ሷሊሕ ኢኮኖሚክስንና ትያትር ጥበባትን አጣምራ ተምራለች፤ የያዘችውም አንድ ዲግሪ ነው። እኔ ሸዋ ሮቢት ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት እሠራለሁ። ጎዶሎ ነገር ስሰማ ማለፍ ስለማልችል የእህቴን ታሪክ ራሴ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ። አባታችን ቢኖሩ ኖሮ እሳቸው ይነግሯችሁ ነበር፤ ከእኔ ይልቅ ለዛ ነበራቸው።

አባታችን ከጀውሃ ከፍ ብላ ባለች መንደር ጤፍና ማሾ የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ። ሰው የሚያውቃቸው ግን በአውድማ ዜማቸው ነው። ጤፍ በበሬ ሲወቃ ዜማ የሚያወጣ ሰው ያስፈልጋል። እሱ ያወጣል፣ ሌሎቹ እየተቀበሉ በሬዎቹን በክብ ይነዳሉ። ወንፈሉ ከአንዱ አውድማ ወደ ሌላው ሲዞር «ሷሊሕ ይምጡ» ሳይባል ሥራ አይጀመርም ነበር። አሪፋ በልጅነቷ ንፍሮና ውሃ እንድታደርስ ትላካለች። አድርሳ መመለስ ሲገባት እዚያው ዳር ቁጭ ብላ ትቀራለች። እናታችን ሐምዲያ «ይቺን ልጅ ደግሞ ከገለባው ጋር ነው የምትሰበስቧት» ትል ነበር።

አዲስ አበባ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሁለቱን ትምህርት የሚያጣምር መርሐ ግብር መከፈቱን ስትሰማ ሌላ ምርጫ አልሞላችም። የምትሄድ ቀን ጀውሃ ላይ ጭማቂ ቤት ያለው የአጎታችን ልጅ ኸድር ያዛት።

«ቆይ፣ ሁለቱንም ባንድ ላይ ነው የምትማሪው?»

«አዎ፣ ጥምር ነው።»

«ስፕሪስ ነው በይኛ! አቮካዶው ከታች፣ ፓፓያው ከላይ።»

«እንደሱ በለው።»

«ስፕሪስ ቶሎ ካልተጠጣ ይደባለቃል። ነግሬሻለሁ።»

አባታችን አልሳቁም። «በሬስ ቢሆን ብቻውን መች ያርሳል?» አሉና ሻንጣዋን ሚኒባሱ ላይ አሰሩላት።

መጀመሪያ አብረዋት የገቡ ልጆች ነበሩ። ቀስ በቀስ ከፊሎቹ ወደ ኢኮኖሚክስ፣ ከፊሎቹ ወደ ትያትር አዘነበሉና ጥምሩ ላይ እሷ ብቻ ቀረች። ኢኮኖሚክሶች «አርቲስቷ» ይሏታል፤ ትያትሮች «ባንከሯ»። ሁለቱም በፍቅር ነው የሚሏት፤ ሁለቱም ግን ለጥናት ሲሰባሰቡ አይጠሯትም። የፈተና ፕሮግራም ሲለጠፍ አንዱ ሕንፃ ሄዳ ስሟን ታጣለች፤ ሌላው ሕንፃ ስትሄድ «የአንቺ እዚያ ነው» ይሏታል። ምሳዋን የምትበላው በሁለቱ ሕንፃዎች መካከል ካለ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ነበር። ለምን እዚያ እንደሆነ ስጠይቃት «ማንም ቢፈልገኝ ቅርብ ነኝ» አለችኝ። የሚፈልጋት አልነበረም።

ለአባታችን ግን ትደውላለች። «በልተሻል?» ይሏታል፤ ብትበላም ባትበላም «በልቻለሁ» ትላለች። አንዳንዴ ዜማውን በስልክ እንዲያሰሟት ትለምናቸዋለች።

«ያለ በሬ አይወጣልኝም» ይሏታል።

የመጨረሻው ዓመት ላይ ዋናው ነገር መጣ። ለምረቃ የምታቀርበው አንድ ሥራ ነው፤ ያ ሥራ ግን በሁለቱም ክፍሎች ማለፍ አለበት። አንዱ ካልተቀበለው ሌላው ቢቀበለውም አትመረቅም። አሪፋ የመረጠችው የአባታችንን አውድማ ነበር። ያለ ደመወዝ የሚሠራ የወንፈል ሥራ በዜማ እንዴት እንደሚመራ ልታሳይ ነው። የትያትር አማካሪዋ ወይዘሮ ፀሐይ ዜማው እዚያው አውድማው ላይ ከመነሻው እስከ መዝጊያው ሳይቋረጥ እንዲቀዳ ፈለጉ። የኢኮኖሚክሱ አቶ ቢኒያም በበኩላቸው «ዜማው ጥሩ ነው፤ ከዚያ አውድማ የወጣው ምርት ግን ስንት ነው?» አሉ። ሁለቱም ከሙያቸው አንጻር ልክ ነበሩ።

ጥር ላይ መጣች። ያን ቀን እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ የምጽፈው ከአሪፋና ከኸድር የሰማሁትን ነው። አባታችን ዜማውን ይዘዋል፤ ሰዎቹ ይቀበላሉ፤ አሪፋ በስልኳ እየቀዳች ከዳር ቆማለች።

«ዙር አንተ ዳልቻ፣ ዙር አንተ ቡሬ፣
ገለባው ላንተ ነው፣ ለልጆቼ ፍሬ።»

አባታችን ትንፋሽ ሊወስዱ ዝም ባሉበት ቅጽበት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጠየቀቻቸው።

«አባ፣ ከዚህ ስንት ኩንታል ይወጣል ይላሉ?»

የእኛን አገር ለማያውቅ ይህ ምንም አይደለም። በእኛ ዘንድ ግን ፍሬው ከገለባው ተለይቶ፣ ዱዓ ተደርጎበት፣ የጆንያው አፍ እስኪሰፋ ድረስ አውድማ ላይ ብዛት አይጠራም። «ይህን ያህል ይሆናል» ማለት አላህ ገና ያልሰጠውን መቁጠር ነው፤ በረካው ይነሣል። አሪፋም ይህን ታውቃለች። «አባቴን የጠየቅኩ እንጂ አውድማው ላይ የተናገርኩ አልመሰለኝም» ብላኛለች።

ኸድር «በሬዎቹ ራሳቸው ቆሙ» ይላል። አሪፋ «ሰዎቹ ናቸው ያቆሟቸው» ትላለች። የእሷን ወስጃለሁ።

«አስተግፊሩላህ!» አሉ ጋሼ ሙዐዊያ፣ የአባታችን የዕድሜ ልክ የወንፈል ጓደኛ። «አንቺ ልጅ፣ ገና ከበሬው እግር ሥር ያለውን?»

«አጥፍቻለሁ፣ ጋሼ።»

«ከተማ እንዲህ ነው የሚያስተምረው? ያልተወለደ ልጅ ስም ማውጣት?»

አንዱ «ግብር ሰብሳቢ ሆና ነው የመጣችው» ብሎ ሊያሳቅ ሞከረ፤ የሳቀለት የለም። አባታችን አልተቆጧትም። እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ሌሎቹም «አሚን» አሉ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረው «ጥላ ግቢ ልጄ፣ ፀሐዩ ይመታሻል» አሏት። በሬዎቹ እንደገና ተነዱ። ዜማው ግን አልተነሣም፤ በቁጥር የተቋረጠ ዜማ በዚያ ዓመት በዚያ አውድማ ላይ አይነሣም። እስኪመሽ የተሰማው የበሬ ኮቴና «ሂድ» የሚል ድምፅ ብቻ ነበር።

ማታ አባታችን «የዛሬ ዓመት ነይ። ኢንሻአላህ ሙሉውን ትሰሚያለሽ» አሏት። ከሌላ አውድማ ሌላ ሰው ልትቀዳ ትችል ነበር፤ ኸድርም ካራቆሬ ድረስ በባጃጅ ሊወስዳት ጠይቋታል። እምቢ አለች። ምረቃዋን በአንድ ዓመት አስተላለፈች። አብረዋት የጀመሩት ጋውን ለብሰው ፎቶ ሲነሡ ስልኩን ተቀብላ የምታነሣቸው እሷ ነበረች፤ ፎቶዎቹን አይቻቸዋለሁ፣ አንዱም ላይ የለችም። ከዚያ ወዲያ ያለው ዓመት ትምህርት የሌለው፣ ጓደኛ የሌለው፣ ጥር እስኪደርስ የሚጠበቅ ዓመት ነበር።

አባታችን ጥቅምት ላይ አረፉ። መንገዱ ተዘግቶ ነበር፤ አሪፋ ደብረ ብርሃን ደርሳ ማለፍ አልቻለችም። በእኛ ደንብ ሬሳ አያድርም። እኔ ስልኩን ይዤ መቃብሩ አጠገብ ካለው የሴቶች መቆሚያ ሆኜ የሚሆነውን እነግራት ነበር። «አሁን አወረዷቸው» ስላት «እሺ» አለች። «አሁን አፈር እየመለሱ ነው» ስላት «እሺ» አለች። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ጥር ላይ መንደሩ የአባታችንን ጤፍ ለእናታችን በወንፈል ሊወቃላት ወጣ። እናታችን ባሏ የሞተባት ሴት በምትቀመጠው ዒዳ ላይ ስለሆነች ከቤት አልወጣችም፤ ንፍሮውን እኔና አሪፋ ይዘን ሄድን። ዜማ የሚያወጣ የለም። ሰዎቹ ባለፈው ዓመት እንዳደረጉት ዝም ብለው ይነዳሉ። አሪፋ ስልኳን ከቦርሳዋ እንኳ አላወጣችም። በልቧ ዲግሪውን ተሰናብታዋለች፤ ለእኔም በመንገድ ላይ «ሮቢት ሥራ ፈልጊልኝ፣ የዲግሪ ሳይሆን እንዲሁ» ብላኛለች።

ጋሼ ሙዐዊያ ጅራፋቸውን ለሌላ ሰጥተው ወደ እሷ መጡ።

«የሷሊሕ ድምፅ አንቺ ዘንድ አለ አይደል?»

«ግማሽ ነው ያለኝ፣ ጋሼ። ያበላሸሁት።»

«ግማሽ ጠየቅኩሽ እንጂ ሙሉ መች ጠየቅኩሽ? አሰሚን። በሬዎቹም እያኮረፉ ነው።»

ኸድር የጭማቂ ቤቱን ስፒከር አመጣ፤ «ደንበኞቼ ዛሬ ጭማቂያቸውን ያለ ሙዚቃ ይጠጡ» አለ። የአባታችን ድምፅ አውድማው ላይ ወጣ። «ዙር አንተ ዳልቻ» ሲሉ ዳልቻው በሬ ጆሮውን አቆመ፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ሰዎቹ መጀመሪያ አንገታቸውን ደፉ፤ ከዚያ አንድ በአንድ መቀበል ጀመሩ። ሟቹ ያወጣሉ፤ ያሉት ይቀበላሉ።

አሪፋ አውራ ጣቷን ስልኩ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። ትንፋሹ የት እንዳለ ታውቃለች። ጥያቄዋ ሳይሰማ አጠፋችው። አውድማው ላይ ዝምታ ሊወርድ ሲል ጋሼ ሙዐዊያ በሻካራ ድምፃቸው፣ ከዜማው ወጣ እያሉ፣ አባታችን ካቆሙበት ተቀበሉ። እየተሳሳቱ፣ ሰዎቹም እያረሟቸው፣ ከመዝጊያው ደረሱ።

«ዞረህ ዞረህ ደከምክ፣ ቁም እንግዲህ ዳልቻ፣
የሰጠን እሱ ነው፣ የሚያውቅ እሱ ብቻ።»

አሪፋ የጋሼ ሙዐዊያን ድምፅ በእኔ ስልክ ቀድታ ነበር። ወይዘሮ ፀሐይ ሁለቱን ድምፆች እንደ አንድ ዜማ ተቀብለው ከፍተኛ ውጤት ሰጡ። የምርቱ መጠን ነበር የቀረው። ጆንያው ከተሰፋ በኋላ መቁጠር ነውር የለውም፤ እናታችን ግን አልፈቀደችም። «አባታችሁ ያልሰማውን ቁጥር እኔ አልሰማውም» አለች። አሪፋ በቁጥሩ ፈንታ አውድማው ለምን እንደማይጠየቅ፣ ሰዎቹም ሳይቆጥሩ ለወንፈል የሚበቃቸውን እንዴት እንደሚያውቁ ጻፈች። አቶ ቢኒያም አንብበው ብዙ ጠየቋት፤ በመጨረሻም ለማለፍ የሚበቃውን ዝቅተኛ ውጤት ሰጧት። ይህን የምጽፈው እናታችን ለጎረቤት «በማዕረግ ነው» ስለምትል ነው። በማዕረግ አይደለም፤ አልፋለች። በምረቃው ቀንም የኢኮኖሚክስ ተራ አልቆ የትያትር ተራ ሳይጀመር ስሟ ለብቻው ተጠራ፤ ብቻዋን ወጥታ ብቻዋን ወረደች።

ወደ አውድማው ቀን ልመለስ። ዱዓው ተደርጎ፣ ጆንያው በአህያ ተጭኖ ሰዎቹ ሲሄዱ እኔ ዕቃ ለመሰብሰብ ቀረሁ። አሪፋ ባዶው አውድማ መሐል ቆማ ለሰው ያላሰማችውን ከፈተች። ጥያቄዋ ተሰማ። የጋሼ ሙዐዊያ ቁጣ ተሰማ። «አሚን» ተባለ። ከዚያ አባታችን «ጥላ ግቢ ልጄ፣ ፀሐዩ ይመታሻል» አሉ።

እዚያ አካባቢ ያለው ዛፍ አንድ ግራር ነው። ስልኩን ይዛ ሄደችና ከሥሩ ተቀመጠች። እኔ ሳህኑን አጥቤ፣ ጀሪካኑን ደፍቼ ስጨርስ ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ገብታ አገሩ ሁሉ ጥላ ሆኗል። አሪፋ ግን ግራሩ ሥር እንደተቀመጠች ነበረች።