እትዬ ቁልፍና የእማዬ መርፌ

ታላቅ እህቴን መሥሪያ ቤቷ ውስጥ «እትዬ ቁልፍ» ይሏታል። ሥራዋ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ነው፤ ጠባይዋ ግን የእስር ቤት ዘበኛ ነው። ስሙ የወጣላት የአንድ አውቶብስ ድርጅት ትኬት መቁረጫ ፕሮግራም ካስተካከለች ወዲህ ነው። ሁለት ትኬት ቆራጮች በአንድ ጊዜ «አሥራ ሁለት ቁጥር ባዶ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ፕሮግራሙ ለሁለቱም «ባዶ ነው» ይላል፤ ሁለቱም ይቆርጣሉ። ከዚያ ሁለት ተሳፋሪ ለአንድ ወንበር ይናነቃል። እሷም ቁልፍ አበጀችለት፤ አንዱ ጠይቆ፣ ይዞ፣ መዝግቦ እስኪወጣ ሌላው ደጅ ይቆማል። በዚህች ነገር ስድስት ወር ተኮፈሰችብን።

እቤት ደግሞ እናታችን ስኳር አለባት። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ጠዋት ጠዋት ኢንሱሊኗን የምንወጋት እኔና እህቴ ነን፤ ቀድሞ የተነሳ ይወጋል፤ ከዚያ ማቀዝቀዣው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ምልክት ያደርጋል።

አንድ ቀን ወጋኋትና ምልክት ላደርግ ስል እስክሪብቶው አልጽፍ አለ። ሌላ ፍለጋ ጓዳ ገባሁ። በዚያው ቅጽበት እህቴ መጣች፤ ወረቀቱን አየች፤ ባዶ ነው፤ ወጋቻት። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ያለው ሰው ኢንሱሊን አያውቅም። ብዙም ሳይቆይ እማዬ በላብ ተጠመቀች፤ አንደበቷ ተሳሰረ። ስኳር በጥብጠን እያጠጣን ሐኪም ቤት አደረስናት። መንገዱን ሙሉ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

እማዬ ድና ስትመለስ ጥፋተኛ ተፈለገ፤ ተገኘሁ።

«አየህ፣ በማየትና በመጻፍ መሀል ክፍተት ካለ ሌላ ሰው ይገባበታል! ይሄ እኮ ሀሁ ነው!» አለችኝ እህቴ።

«እስክሪብቶው እኮ ነው...»

«ዝም በል!»

በማግስቱ መርፌዎቹን የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ከትታ ቆለፈችባቸው። ቁልፉ አንድ ብቻ ነው፤ ግድግዳው ላይ ምስማር ተመታለት። ቁልፉን ያነሳ ይወጋል፣ ይጽፋል፣ መልሶ ይሰቅላል፤ ያላገኘ አርፎ ይቀመጣል። እውነት ለመናገር ጥሩ ዘዴ ነበር፤ ሦስት ሳምንት ሠራ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ብነሳ ቁልፉ የለም። ለካ እህቴ ቁልፉን አንስታ ሳጥኑን ሳትከፍት ስልክ ተደውሎላት ኖሯል፤ የአውቶብሱ ፕሮግራም ቆሟል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ወርውራ በረረች። ብደውል ብደውል አታነሳም። እማዬ «ኧረ አልተወጋሁም» አለችኝ። እኔ ግን ወግታት መጻፍ ረስታ ቢሆንስ ብዬ ወረቀቱንና ምስማሩን እያፈራረቅሁ ሳይ አረፈድኩ።

እህቴ እኩለ ቀን ላይ እያለከለከች ስትደርስ እማዬ በውሃ ጥም ተቃጥላ ሦስተኛ ጆግ ጀምራለች፤ ዓይኗ ብዥ ብሎባታል። እህቴ ወጋቻት። ወዲያው ላቧ እንኳ ሳይደርቅ ዘዴ ማውጣት ጀመረች።

«የጊዜ ገደብ ነው የረሳሁት። አንድ ሰው ቁልፉን ከአሥር ደቂቃ በላይ ከያዘው...»

«ቁልፉን አምጪ» አለች እማዬ።

«እማዬ፣ አንቺ እኮ ይሄን ነገር አታውቂውም።»

«የማላውቀው ምኑን ነው? የምወጋው እኔ! ያን ሁለቴ የተወጋሁ ቀንስ "ወንድምሽ አሁን ወግቶኛል" ብዬሽ አልነበር? "ወረቀቱ ላይ የለም" ብለሽ ወጋሽኝ።»

እኔ አቀረቀርኩ። እህቴ ቁልፉን ከሳጥኑ ላይ ነቀለችና በሁለት እጇ ሰጠቻት።