በቧንቧው ውስጥ ያየናት ጨረቃ

ልጄ ብርሃናቸው የሚጨምርና የሚቀንስ ከዋክብትን ስታጠና ኖራለች። ሥራዋ ይኸው ነው፤ እንጀራዋም ይኸው ነው። ሰዎች ይህን ሲሰሙ «እርስዎ ነዎት መንገዱን ያሳዩዋት» ይሉኛል። አይደለም። እኔ ልከለክላት ነበር።

በደርግ ጊዜ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር እንኖር ነበር። ቀን ቀን በባቡሩ ጥገና ክፍል ብረት እቆርጣለሁ፤ ከሥራ በኋላ ከአሮጌ መጻሕፍት ሒሳብና የሰማይን ነገር በራሴ እማራለሁ። ትምህርት ቤት የቆየሁት ጥቂት ዓመት ብቻ ስለሆነ ዕድሉን አግኝቶ የሚለግም ሰው አልወድም፤ ልጆቼም ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ቀፊራ ገበያ ባገኘሁት የመነጽር መስታወትና በውሃ ቧንቧ አንድ ቴሌስኮፕ ሠራሁ። የቀበሌው ሊቀመንበር መጥቶ አገላብጦ አየውና፣ «ወደ ላይ ብቻ ነው የምታየው ጓድ። ወደ ሁርሶ እንዳታዞረው» አለኝ። ሁርሶ የጦር ማሠልጠኛው ያለበት ነው። እሺ አልኩ።

ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ጨረሰች። ፊዚክስ ተምሬ ከዋክብትን አጠናለሁ አለች። እኔ ደግሞ ሒሳብ አያያዝ ተምረሽ ባቡሩ ቢሮ ትገቢያለሽ አልኳት። «ሰማይ የሚያይ ሰው በዚህ አገር ማን ይቀጥራል? ከሥራ በኋላ እንደ እኔ ታይዋለሽ።» ምርጫዋን የምታሳውቅበት ቀን ተቃርቦ ነበር። ከቃሌ እንደማትወጣ አውቃለሁ።

ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ጨርቅ የሚነግዱ አንድ ሶማሌ ሐጂ ወዳጅ ነበሩኝ። ረመዳን ሊያልቅ ሲል፣ «አቦ፣ ያንን ቧንቧህን ይዘህልኝ ና!» አሉኝ። «ዓይኔ ደክሟል፤ ዘንድሮስ ጨረቃዋን ራሴ ማየት አለብኝ።» ጨረቃዋ ከታየች በማግስቱ ዒድ ነው፤ ካልታየች ጾሙ አንድ ቀን ይጨምራል። እኔም አስልቼ፣ ፀሐይ እንደገባች በምዕራብ በኩል ትታያለች ብያቸዋለሁ። በእኛ ሰፈር ዛፉ ሰማዩን ስለሚጋርደው ከልጄ ጋር ሐጂ ቤት ጠፍጣፋው ጣሪያ ላይ ወጣን። ሊቀመንበሩ ሰምቶ ኖሮ ከሐጂ ጎረቤቶች ጋር ቀድሞን ቆሟል።

«ጓድ፣ ያ እኮ የሁርሶ አቅጣጫ ነው!»

«ጨረቃዋ የምትታየው በዚያ በኩል ነው፤ ምን ላድርግ?»

«ወሪያ፣ እንግዲያው ሌላ ቦታ መድብላት!» አሉት ሐጂ ሊቀመንበሩን። ጣሪያው በሳቅ ተሞላ፤ ሊቀመንበሩም ሳይወድ ሳቀ።

ፀሐይ ገባች። አድማሱ በአቧራ ተሸፍኗል። ሐጂ ዓይናቸውን ቧንቧው ላይ እንዳደረጉ፣ «አላሁ አክበር! ይቺትና! ቅጥነቷ!» ብለው ጮኹ። በአጎራባች ጣሪያዎች ያለው ሰው ተንጫጫ። እኔም አየሁ፤ ቀጭን፣ ብሩህ፣ ቅስት የሆነች ነገር። «ባሰላሁት ቦታ ናት» አልኩ።

ልጄ ተራዋ ደርሶ ረጅም ጊዜ አየች። ቧንቧውን ቀስ አድርጋ ወደ ጎን ገፋችው፣ መለሰችው፣ እንደገና ገፋችው።

«አባባ፣ ጨረቃ አይደለችም።»

«ታዲያ ምንድን ናት?»

«ቧንቧውን ሳንቀሳቅሰው አብራ ትሄዳለች። ጨረቃ ብትሆን ባለችበት ቀርታ ከእይታችን ትወጣ ነበር። የመስታወቱ ጠርዝ ነው የሚያበራው።»

«አንቺ ልጅ፣ ዒዴን ልትቀሚኝ ነው?»

«ሐጂ፣ ትኖር ይሆናል። እኔ ግን አላየኋትም።»

«በደንብ እዪ» አልኳት ቆጣ ብዬ። «አስልቼዋለሁ።»

ጎንበስ ብላ ደግማ አየች። «ስሌቱ ልክ ሊሆን ይችላል፣ አባባ። አላየኋትም።»

ያ ሁሉ ሰው አንድ ጊዜ ራሷን እንድትነቀንቅ ብቻ ነበር የሚጠብቀው። ቧንቧውን ራሴ ይዤ ገፋሁት። ቅስቷ ተከተለችኝ። «ልጅቷ ልክ ናት» አልኳቸው። ሐጂ ፂማቸውን ዳበሱና በአጎራባች ጣሪያ ላሉት «አልታየችም!» ብለው ተጣሩ።

ሱቁ ወርደን ሻይ ስንጠጣ ጨረቃዋ በሌላ አገር መታየቷን ሬዲዮ ተናገረ። ሐጂ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ነበረች! ምን አልኩሽ?»

«እንኳን አደረስዎ ሐጂ!» አለች። «እኔ ግን አሁንም አላየኋትም።»

ሁሉም ሳቁ፤ እኔ አልሳቅኩም። በዚያ ዘመን ያላየውን አየሁ ብሎ በሰው ላይ የሚመሰክር ብዙ ነበር፤ በእንዲህ ያለ ቃል ከቤቱ ወጥቶ ያልተመለሰ ጎረቤት አውቃለሁ። ዕውቀት በንባብ ይገኛል፤ እኔም ያገኘሁት እንደዚያው ነው። አባቷ እየተቆጣት፣ ያ ሁሉ ሰው እየጠበቃት ያላየችውን አላየሁም የምትል ልጅ ግን ቢሮ ውስጥ ደረሰኝ እንድትደምር ማድረግ ብክነት መስሎ ታየኝ።

የደቻቱን አሸዋ ስንሻገር፣ «ፊዚክሱን ምረጪ» አልኳት።

ቆመች። «ማን ይቀጥርሻል ብለኸኝ የለ?»

«እሱን አላውቅም» አልኳት። እውነቴን ነበር።